ታብሌቱና እንዝርቱ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ስለሆነ መንገዱ አይታወቅም። መንዝ መንዝነቱን የሚያሳየው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ባና የተከናነበ እረኛ። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ዘመሮ የደረስኩት በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነበር። ብርዱን ተዉት።

የሄድኩት ከከተማዋ ወጣ ብለው የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ የእኔ ልጆች የሰለቹት ታብሌት አለ፤ 7ኛ ክፍል ለምትማረው የልጅ ልጃቸው ያመጣሁት። አክስቴ አገላብጠው አዩትና «ምን ያደርግላታል?» አሉኝ።

«ትማርበታለች፣ እትዬ።»

መልሱ ለራሴም አላረካኝም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ፕላዝማ ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ ያልገባው ልጅ ግን ቴሌቪዥን ላይ እጁን አውጥቶ ምን ይጠይቃል? በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም. «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ለወንጪና ለወለንጪቲ አካባቢ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንደተናገረው፣ ፊደል ያልቆጠሩት ልጆች በወራት ውስጥ እንዳይሠራ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተውት ተገኙ። መሣሪያው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ማን ይነካዋል የሚለው ነው።

ባለሙያዎች «ዲዛይን ቲንኪንግ» የሚሉት ትምህርት አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ልጁ መጀመሪያ የተቸገረውን ሰው ይጠይቃል፤ ከዚያ ባገኘው ዕቃ ይሠራል፣ ለባለጉዳዩ ያሳያል፣ ካልሆነ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ይህንኑ ለልጅቷ ነገርኳት።

ማታ አክስቴ እሳት ዳር የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። መንዝ ውስጥ ሴቶቹ ፈትለው ወንዶቹ ባናውን ይሸምኑታል። ልጅቷ «እቴቴ፣ ምን ያስቸግርሻል?» አለቻቸው። «ክሩ አይታየኝም። ሲበጠስም የማውቀው እንዝርቱ ሲወድቅ ነው።»

በማግስቱ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ አምፖሏን ነቅላ፣ በሽቦና በካርቶን መብራት ሠርታ ከጣሪያው ላይ አንጠለጠለችው። አክስቴ ትንሽ ፈትለው ተዉት። «እጄ ይጋርደኛል» አሉ። እኔ ማጽናናት ጀምሬ ነበር፤ ልጅቷ ግን ታብሌቱን አንስታ የአያቷን እጅ ቀረጸች። ቪዲዮውን ደጋግማ አየችና ጥላው ክሩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። መብራቱን ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርጋ አሰረችው።

አባቷ ከበር ላይ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ «ይኼ ለፈተና አይመጣም» አለ። አልፈረድኩበትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት በቅርቡ ወጥቶ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ ነበር። ልጁን የሚያስተምር ወላጅ ይህን ሰምቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እንደዚያም ሆኖ ያቺ ልጅ «ለምን አልሆነም?» ብላ ስትቀመጥ ያየሁትን ያህል ጥናት የእኔ ልጆች ደብተር ላይ አይቼ አላውቅም፤ ይህንን ግን ለአባትየው አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ማታ አክስቴ «ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ» አሉ። ልጅቷ ወረቀት ቅቤ ቀብታ አምፖሏ ላይ ሸፈነችበት። ብርሃኑ ለዘብ አለ። አክስቴ ምንም አላሉም፤ እንዝርቷ ግን እስክንተኛ አልወደቀችም።

በነጋታው ልሄድ ስነሳ አባትየው በረቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ለዚህስ አንድ ትሠሪልኛለሽ?» አላት።

«ማታ እዚህ የሚገባው ማነው?» ብላ ጠየቀችው።