ቀጭን እስክሪብቶና የጋራ ኖታችን



ሰንጋ ተራ የምንማር የንግድ ሥራ ተማሪዎች ስለ እስክሪብቶ ስናወራ የሌላ ግቢ ወንድሞቻችን ይስቁብናል። ይሳቁ፤ ባለ 10 ዓምድ ወርክ ሺት ሠርተው አያውቁም። ኤፎር ወረቀት አጋድመን ብናሰምረው እንኳ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ለሒሳቡ ስም 7 ያህሉን ስንለቅ ለእያንዳንዱ ዓምድ የሚተርፈው 2 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው። ሚሊዮን የገባ ቁጥር ከነኮማውና ከነሳንቲሙ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። በወፍራም እስክሪብቶ ሲጻፍ 6 ከ8 አይለይም፤ አንዷ ቁጥር ከተነበበች በስሕተት ትሪያል ባላንሱ አልገጥም ብሎ ሌሊቱ ይነጋል።

ፊደላችንም ቀጭን ጫፍ ይወዳል። የ«ሌ» እና የ«ቤ» ቀለበት በወፍራም ጫፍ ትደፈናለች። የደርስ ደብተራችን ላይ ደግሞ ዐረብኛው ከነሐረካው አለ፤ ሸዳ ላይ ፈትሃ ሲደረብ ያለው ቦታ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው።

ቀጭን ይሻላል ብሎ መጨረስ ግን አልተቻለም። መጽሐፍ መግዛት የማይችል ተማሪ የሚያጠናው ከጀመዓችን የጋራ ኖት ነው። አንዱ በጥንቃቄ ይጽፋል፣ ሌላው ኮፒ ያደርጋል፣ ጀማሪዎች ደግሞ ከኮፒው ኮፒ ያወጣሉ። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እህታችን በቀጭን ሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈችው ኖት ለዓይን የሚያምር ነበር። ሦስተኛው ኮፒ ላይ ግን ሰረዞቹና የነጥብ ቤቶቹ የሉም። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አንደኛ ዓመቶች 12.50 ይሁን 1250 እየተከራከሩ ነበር።

ስለዚህ ከመካከላችን ስድስት ሆነን አራት ዓይነት እስክሪብቶ ሞከርን፦ ባለ 1.0 እና ባለ 0.7 ተራ እስክሪብቶ፣ ባለ 0.5 እና ባለ 0.38 ጄል። በእያንዳንዱ አንድ መስመር ቁጥር፣ አንድ መስመር አማርኛ፣ አንድ መስመር ዐረብኛ ከነሐረካው ጻፍን። በተራ ደብተር፣ በሉክና በኮፒ ወረቀት ላይ ደጋገምነው። ከዚያ ኮፒ ቤት ወስደን ከኮፒው ኮፒ አስወጣን።

መጀመሪያ የገባን ነገር ቁጥሩ እንደሚያሳስት ነው። እስክሪብቶው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የኳሷ ስፋት እንጂ የመስመሩ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው መደበኛው ቢክ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ ገበያ የወጣው፣ ኳሱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚያሰምረው መስመር ግን የኳሱን ግማሽ አይሞላም። የተራ እስክሪብቶ ቀለም ዘይት ያለበትና ወፍራም ስለሆነ ኳሷ ጥቂቱን ብቻ ታወጣለች። ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ በ1930ዎቹ ይህን ነገር ያሰበው የጋዜጣ ቀለም ቶሎ ሲደርቅ አይቶ ነው ይባላል። ጄል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጃፓን የመጣ፣ ከውሃ የሚሠራ ቀለም ነው፤ እንደ ልብ ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት 0.5 ጄልና 0.7 ተራ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲታዩ ብዙም አይራራቁም። «0.5 ስለሆነ ይቀጥናል» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚከፍል ተማሪ ይህን ይወቅ።

0.38ቱ በጥሩ ወረቀት ላይ እንደ ሕትመት ነው። የእኛ ደብተር ላይ ግን ወረቀቱን ይቧጭራል፣ ክሩን ያነሣል፣ ከዚያ ራሱ ይደፈናል። አንዴ ሲሚንቶ ላይ በጫፉ ከወደቀም አለቀለት። ለወርክ ሺት 0.5 ጥቁር ጄል አሸነፈ፤ እጅ አያደክምም፣ ቁጥሩም ጥርት ይላል። ሆኖም ይወደዳል፣ ቶሎም ያልቃል።

አንድ ፈተና ግን ሌሎች ግቢዎች የሚያስቡት አይመስለንም። ከውዱእ ተመልሰን እጃችን ሳይደርቅ ደብተር እንገልጣለን፤ ከእጅጌ ጠብታ ይወርዳል። የሞከርናቸው ሁለቱም ጄሎች እርጥብ ጣት ሲነካቸው ተዘረጉ። ተራው እስክሪብቶ ንቅንቅ አላለም። በግራ እጇ የምትጽፈው እህታችን ደግሞ ውሃም አላስፈለጋት፤ ጄሉን በገዛ መዳፏ ጠረገችው።

(በነገራችን ላይ እጅ ላይ ስለሚቀር ቀለም የሚጠይቁ አሉ። ከኡስታዞቻችን የምንሰማው፣ መልኩ ብቻ የቀረ ቀለም ውሃን አይከለክልም፣ ሽፋን የሚሠራ ነገር ግን መነሣት አለበት የሚል ነው። ነጩ ማጥፊያ ፍሉድ ጥፍር ላይ ደርቆ ሽፋን ይሠራል። ከውዱእ በፊት ጥፍራችሁን አንድ ጊዜ እዩ።)

የኮፒውን ውጤት ስንዘረጋ ክርክሩ አለቀ። ከኮፒው ኮፒ ላይ ሐረካውም ነጥቡም ተርፎ የተገኘው በሁለት ብቻ ነው፦ በ0.5 ጥቁር ጄልና በ0.7 ጥቁር ተራ እስክሪብቶ። የ1.0ው ቀለበቶቹን ደፍኗል፤ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ገርጥቷል። ከሁለቱ ውሃ የማይፈራውና ርካሹ 0.7ቱ ስለሆነ የጋራ ኖት ከእንግዲህ በእሱ ይጻፍ ብለናል። ለግል ወርክ ሺት እንደየኪሳችሁ። የፈተና ወረቀት ላይ ግን እጁ የሚያልበው ሰው ጄል ባይዝ እንመክራለን።

ከመርካቶ አንድ ፓኬት ጥቁር 0.7 በመዋጮ ገዝተናል። የኮስት አካውንቲንግን ኖት የሚገለብጡ ሦስት ሰዎች ያስፈልጉናል፤ ጽሑፋችሁ ቆንጆ ባይሆንም 1 እና 7ን የምትለዩ ከሆነ ይበቃል። ከዙህር በኋላ የኖት ክፍል ተጠሪዎችን አግኙ፤ ሁለት ሁለት እስክሪብቶ ትወስዳላችሁ፣ ክዳኑ እንዳይጠፋ።