«አይታወቅም» ያለው ልጅ

ባለፈው ክረምት የሰፈሬን የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ አስጠና ነበር። አንድ ቀን «ከበደ ከአልማዝ ይረዝማል፤ ከተሰማም ይረዝማል፤ ከአልማዝና ከተሰማ ማን ይረዝማል?» ብዬ ጠየቅሁ። እኔ ያዘጋጀሁት መልስ «አልማዝ» ነበር፤ ስሟ አስቀድሞ ስለ ተጠራ ብቻ። ሁሉም «አልማዝ» ሲሉ አንድ ልጅ «አይታወቅም» አለ። እኔም ከልጆቹ ጋር ሳቅሁበት።

ማታ ግን ሦስት እንጨቶች ቈርጬ ባስተያይ፥ ሁለቱ አጫጭሮች ስም ቢለዋወጡም የጥያቄው ቃል አልፈረሰም። ልጁ እውነቱን ነበር።

በማግሥቱ እንጨቶቹን ለሁሉም አሳይቼ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፥ እኔም የተሳሳትሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ውድ ጓደኞቼ፥ የማይታወቀውን አይታወቅም ማለት ዕውቀት መሆኑን ከዚያ ልጅ ተማርሁ።