ካስማው ከችግኙ ጋር

ኩየራ፣ ከሰኔ 2016 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም.

ሰኔ 14። የቲማቲሙን ችግኝ ከመደብ አዛውሬ ተከልሁ። በየችግኙ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ገደማ ራቅ አድርጌ፣ የባሕር ዛፍ ካስማ ሰካሁ። ሥሩ ከተሰራጨ በኋላ እንጨት መሬት ውስጥ መክተት ሥሩን መበጠስ ነው። ምስጥ ቶሎ እንዳይበላው ካስማውን ልጬ በፀሐይ አድርቄዋለሁ።

ሐምሌ 9። ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል። ግንዶቹ ጉልበት ደርሰዋልና ዛሬ አሰርኋቸው። ሲባጎውን ካስማው ላይ ጠበቅ፣ ግንዱ ላይ ላላ አድርጌ፣ መሐል ላይ አጠላልፌ ቋጠርሁ። ግንዱ ገና ይወፍራል፤ ጣት የማያስገባ ቋጠሮ ያንቀዋል። መሬት የሚነኩትን ቅጠሎችም ቆረጥሁ። ጠብታው ከአፈሩ ላይ ተፈናጥሮ በሽታ የሚያደርሰው መጀመሪያ ወደ እነሱ ነው።

ሐምሌ 27። አንዲት ጎረቤቴ ማሳቸውን አሳዩኝ። አደንጓሬው በበቆሎው ላይ ተጠምጥሞ ወጥቷል። «ልጄ፣ አደንጓሬውን የምዘራው በቆሎው ሲጠነክር ነው፤ አብረው ከበቀሉ ይጥለዋል» አሉኝ። ብዙ እንጨት ለሌለው ገበሬ ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ድጋፉም ራሱ ምግብ ይሆናል።

ነሐሴ 18። የዳሊያው አበባ ውኃ ሲጠጣ ከብዶ ግንዱን አጎነበሰው። ለብቻው የቆመ አንድ እንጨት ለቁጥቋጦ አይበቃም። ዙሪያውን ሦስት ቀጫጭን ካስማ ተክዬ በሲባጎ ከበብሁት፤ አበባው በቀለበቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይወዛወዛል።

መስከረም 14። የመጀመሪያው ቲማቲም ተለቀመ። መሬት ያልነካው ፍሬ ንጹሕ ነው፤ ነፋስ ስለሚያገኘው እርጥበቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ለመልቀምም ይቀላል። ዝርያ መምረጥም ይረዳል፤ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካ ሳልሳ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ያለ ካስማም ይመረታል። ረጃጅሞቹን ግን፣ በተለይ በክረምት፣ ያለ ድጋፍ መትከል ፍሬውን ለጭቃ መስጠት ነው።

መስከረም 20። ለሚቀጥለው ዓመት የወሰንሁት፦ ከታመመ ተክል የወጣ ካስማ ታጥቦ በፀሐይ ሳይደርቅ ዳግመኛ አይሰካም። ዘንድሮ ቲማቲም በነበረበት መሬት ላይ ቲማቲምም ሆነ ዘመዱ ድንች አይተከልም። እንጨቱና ሲባጎው ደግሞ ችግኙ ሳይዛወር ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ የወደቀን ተክል ማንሣት ግንዱን ይሰብራል፣ ሳይወድቅ መደገፍ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።