አባቱን ያልገደለው እስረኛ

ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ከ1850 እስከ 1854 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳይቤሪያ፣ በኦምስክ ወኅኒ በእግር ብረት ታስሮ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ ኢሊንስኪ የሚባል የቀድሞ መኮንን ነው። ለውርስ ሲል አባቱን ገድሏል ተብሎ 20 ዓመት ተፈርዶበታል። ሰውየው ግን ይስቃል፣ ይቀልዳል፤ የሟቹን ነገር እንኳ እንደ ዋዛ ያነሣዋል። አባቱን ገድሎ እንቅልፍ የሚወስደው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ደራሲው ተገርሞ፣ ስሙን ሳይጠራ «የሙታን ቤት ማስታወሻ» ውስጥ አስገባው።

መጽሐፉ ገና በመጽሔት እየወጣ ሳለ ከሳይቤሪያ ወሬ ደረሰ። ለካ ሰውየው ንጹሕ ኖሯል! ዶስቶየቭስኪ በዚያው መጽሐፍ የኋለኛ ምዕራፍ ላይ፣ ጋዜጣ ጥግ ላይ እንደሚያወጣት «እርማት» ያለች ማስተካከያ ጨመረ።

እርማቷ ግን አላረካችውም። በ1874 መኸር ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የአንድ ድራማ ንድፍ ጫረ። የቶቦልስክ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ታናሹ የታላቁን እጮኛ በስውር ይወዳል። አባታቸውን የሚገድለው ታናሹ፣ ወኅኒ የሚወርደው ታላቁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ታናሹ፣ ባለ ማዕረግ ሆኖ፣ በገዛ ልደቱ ግብዣ እንግዶቹ ፊት ወንጀሉን ይናዘዛል።

ከዚህ ንድፍ ያደገው ልቦለድ፣ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»፣ ከጥር 1879 እስከ ኅዳር 1880 በመጽሔት ሲወጣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሦስት ሆነዋል፤ የአባትየው ዲቃላ ነው እየተባለ የሚታማው ወጥ ሠሪ ስመርዲያኮቭ ሲጨመር አራት። በሐሰት የሚፈረድበት ዲሚትሪ ነው። የእሱን እጮኛ ወንድሙ ኢቫን ይወዳታል፤ ዲሚትሪ ደግሞ በሌላ ሴት ከገዛ አባቱ ጋር ይቀናናል። የልደቱ ኑዛዜ እንኳ አልተጣለም፤ ከቤተሰቡ ውጭ ላለ አንድ እንግዳ ሰው ተሰጥቷል።

አዲሱና ጨለማው ነገር ኢቫን ነው። እጁን አላነሣም። እግዚአብሔር ከሌለ ሁሉ ይፈቀዳል የሚለውን ሐሳቡን ግን ስመርዲያኮቭ ሰምቶ፣ አባትየውን በመግደል ሥራ ላይ አዋለው። ኢቫን ክፉ ነገር እየሸተተው፣ ቼርማሽኒያ እሄዳለሁ ብሎ ሞስኮ ይሄዳል። ቼርማሽኒያ የዶስቶየቭስኪ ቤተሰብ ርስት ስም ነው፤ የደራሲው አባት በ1839 ሲሞቱ ገባሮቻቸው ገደሏቸው ተብሎ በሰፊው ተወርቷል።

የስም አሰጣጡም ጉድ ነው። በግንቦት 1878 ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሞተው የደራሲው ልጅ አልዮሻ ስሙን ለሦስተኛው፣ ለደጉ ወንድም ሰጠ። ለዚያ ሴሰኛ ሽማግሌ አባት ግን ዶስቶየቭስኪ ፊዮዶር የሚለውን የራሱን ስም ነው የቸረው። ትንሹን አልዮሻ የገደለው የሚጥል በሽታ ነበር፤ ራሱ ደራሲውም ለብዙ ዓመታት ተሠቃይቶበታል። በልቦለዱ በሽታው ለስመርዲያኮቭ ደረሰው፤ እሱም በግድያው ሌሊት ጥሎኝ ነበር ለማለት ተጠቀመበት።