ግራ እጄና የእቴቴ እግር

ፒያሳ ያለው ወርቅ ሠሪ ቀለበቴን ሲቆርጥ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ያበጠ ጣት ይዛ የመጣች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ አልነበርኩም መሰለኝ። በቀለበቱና በሥጋዬ መካከል ስስ ቆርቆሮ አስገባ፣ ጸጉር በምታህል መጋዝ ገዘገዘው፣ ቀለበቱ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ሚዛን ላይ ጣል አደረገና «ትሸጪዋለሽ?» አለኝ። አልሸጥም አልኩት። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ማታ ባለቤቴ ባዶ ጣቴን አይቶ ሲጠይቀኝ «ሊጥ ሳቦካ እንዳይወድቅብኝ አውልቄው ነው» አልኩት። ጊዜው የ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት በውሸት ላይ ስደራርብ ኖርኩ። ሁሉንም የዋሸሁት ለዚህች ግራ እጄ ብዬ ነው።

የጡት ካንሰር የተገኘብኝ በ2011 ዓ.ም. ነው፤ 40 ዓመቴ ነበር። ግራ ጡቴ ተነሣ፣ ከብብቴ ሥርም 14 ንፍፊት አብሮ ወጣ። ከዚያ ኬሞ መጣ፤ በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር። የመጀመሪያዎቹ አራቱ፣ እኛ ታካሚዎች «ቀዩ» የምንለው መድኃኒት ያለባቸው ናቸው፤ ሽንት ሳይቀር ያቀላል። የኋለኞቹ አራት ፓክሊታክሰል ነበሩ። ከዚያ ጨረር፣ ከጨረር በኋላ በየቀኑ የምትዋጥ ታሞክሲፈን። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም። ጸጉሬ ረገፈ፣ ተመልሶ በቀለ፣ እንኳን ማረሽ ተባልኩ። ሰው የሚያውቀው ካንሰር እስከዚህ ድረስ ነው። ጠያቂው ተመስገን ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ ጋ የቀረውን ልንገራችሁ። የጣቶቼና የእግሮቼ ጫፎች ደነዘዙ፤ ፓክሊታክሰል ነርቭ ይጎዳል። የታክሲው ረዳት መልስ ሲሰጠኝ ሳንቲሙ መዳፌ ላይ መኖሩን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ መስታወት ፊት እቆማለሁ። የወር አበባዬ በኬሞው መሀል ቆመ፣ አልተመለሰም። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከደረቴ የሚነሣ ሙቀት ፊቴን ይለበልበኝና አንሶላው በላብ ይርሳል። ሁለተኛ ልጅ እናስብ ነበር፤ እሱንም እዚሁ ላይ ልተወው።

ማስታወሴም ተነካ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ሰባተኛ ክፍል ገብቼ «ልጁ ዳቦውን በላ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። «ልጁ» ባለቤት ነው አልኩ፣ «በላ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው አልኩ፣ ጠመኔዬን «ዳቦውን» ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከ15 ዓመት በላይ ሳስተምረው የኖርኩት ቃል ከጭንቅላቴ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ተሳቢ» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። «ጎበዝ! ልፈትናችሁ ብዬ ነው» አልኩ። ይቺም ከውሸቶቹ አንዷ ናት።

ከሁሉ የከፋው ግን ክንዴ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሌላ ሊምፍ የሚባል ውሃ መሰል ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች ይፈስሳል። የእጅን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሰው መንገድ በብብት ንፍፊቶች በኩል የሚያልፍ ነው። እነዚያ ሲወጡና የቀረው አካባቢ በጨረር ሲጠጥር፣ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ እጅ ላይ ይጠራቀማል። አንዳንዷን በወራት ውስጥ ይጀምራታል፣ አንዳንዷን ከዓመታት በኋላ። አንዴ ከመጣ ጨርሶ አይጠፋም፤ በእንክብካቤ ግን ይቀንሳል፣ ባለበትም ይያዛል። ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው የተማሪዎቼን ደብተር ግራ ክንዴ ላይ ከምሬ ቤት ስደርስ እጄ የሌላ ሰው እጅ መምሰሉን ብቻ ነው። የቀሚሴ እጅጌ አልገባ አለኝ። ነጠላ መልበስ አበዛሁ። ነጠላን በግራ ትከሻ ጣል አድርጎ እስከ አንጓ መጠቅለል ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለምን አልተናገርሽም የሚል አይጠፋም። አንዴ ቡና ላይ እጄ ከበደኝ ብዬ ስጀምር ጎረቤቴ «ወይ አንቺ! ነፍስሽ ተርፎ ስለ እጅ ታወሪያለሽ?» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ታምሜ በተኛሁበት ወራት ልጄን ያበላችው እሷ ናት። ግን አፌ ተለጎመ። ኬሞ በምንወስድበት ክፍል አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው፣ ሁለት ልጆች የነበሯት ሴት ሞታለች። እሷ አፈር ገብታ እኔ ስለ ቀለበት ጣቴ ላማርር? ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እለዋለሁ። በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፤ እሱም ደረቴን አይቶ፣ መድኃኒቴን ጽፎ ያሰናብተኛል። በሐኪሙ አላሳብብም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለ እጅ እብጠት ነግረውኝም ይሆናል። የፈረምኩበት ወረቀት ላይም ሰፍሮ ይሆናል። ያን ቀን ጆሮዬ ሌላ ነገር አይሰማም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ለሰው የማወራው ምክንያት ነው። የልቤ ምክንያት ሌላ ነበር፤ እጄን ባየሁት ቁጥር ትዝ የምትለኝ አክስቴ፣ እቴቴ ነበረች።

እቴቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ አገሯ ምሥራቅ ጎጃም። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ዝሆኔ ነው። በ1982 ዓ.ም. ለሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኛ ቤት ለወራት ተቀምጣ ነበር። ማታ ማታ ሳፋ ታወጣለች፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው ጣል ታደርጋለች፣ እግሯን በሳሙና ጣት በጣት ታጥባለች። ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ በየጣቶቿ መሀል እየገባች ታደርቃለች፣ ቫዝሊን ትቀባለች፣ በተቀደደ አቡጀዲ ከታች ወደ ላይ ትጠቀልላለች፣ በርጩማ ላይ ሰቅላ ትቀመጣለች። አንዲት ነርስ እንዳስተማረቻት ትናገር ነበር። እኔ ያን ሳፋ እጠላው ነበር። በዚያ ሳፋ የታጠበ ልብስ አልለብስም ብዬ እናቴን አስለቅሻለሁ።

አንድ ጠዋት የሒሳብ ደብተሬን ቤት ረሳሁት። እቴቴ ያን እግሯን እየጎተተች ትምህርት ቤት ድረስ አመጣችልኝ። በአጥሩ ፍርግርግ በኩል ስሜን ጠራች። ጓደኞቼ አጠገቤ ነበሩ፤ ሁሉም እግሯን እያዩ ነው። 11 ዓመቴ ነበር። ሄድኩና ደብተሩን ተቀበልኳት፣ ጮክ ብዬም «እግዜር ይስጥዎት፣ እማማ» አልኳት።

አማርኛ የማይችል ሰው እዚህ ላይ ምን ጥፋት አለ ይላል። ቤት ውስጥ አንቺ ነበር የምላት። እቴቴ ነበር የምላት። መንገድ ላይ ላገኘኋት የማላውቃት ሴት የሚሆነውን አንቱታ ሰጥቼ ዘመድነቷን በጓደኞቼ ፊት ካድኩ። እሷም ገብቷታል። «ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ» ብላ፣ እንግዳ መስላልኝ፣ ዞራ ሄደች። ቤት ስገባ ምንም አላለችኝም፤ ለእናቴም አልነገረችም።

እንግዲህ የእኔ እጅ ሲያብጥ «ዝሆኔ» የሚለው ቃል ከሰው አፍ ሳይወጣ እኔው ውስጥ ወጣ። ነጠላዬን የጠቀለልኩት ያን ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ከነበሩት ልጆች ዓይን ለመደበቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እንጀራ ስጋግር አክንባሎ ሳነሣ እንፋሎቱ ግራ እጄን አቃጠለኝ። አልተሰማኝም። ያወቅኩት ማታ ውሃ ቋጥሮ ሳየው ነው። ቅቤ ቀባሁት፣ በነጠላዬ ሸፈንኩት። በሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጠኝ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ቀልቶ እንደ ምጣድ ይግላል። ባለቤቴ ነጠላውን ገልጦ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት ነው። ስለ ቀለበቱ አላነሣም። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ታክሲ ፍለጋ ወጣ።

ሰባት ቀን ተኛሁ፤ አንቲባዮቲክ በደም ሥር፣ በቀኝ እጄ በኩል። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። «ካበጠ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ። «ሁለት ዓመት» አልኩ። ካርዴን ገለጠች። በየሦስት ወሩ «ታካሚዋ ቅሬታ የላትም» ይላል። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሊምፍ መንገዱ በተዘጋበት እጅ ላይ ትንሽ ቁስል ቶሎ እንደሚመረቅዝ፣ እያንዳንዱ ኢንፌክሽን ደግሞ የቀሩትን ቱቦዎች ይበልጥ እንደሚጎዳ አስረዳችኝ። ሁለት ዓመት በዝምታ ያተረፍኩት ይህንን ነው።

ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ። ባለሙያዋ ሁለቱንም ክንዶቼን በሜትር ለካች፤ ግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ትነግረኝ ጀመር፤ በየቀኑ በሳሙና ታጠቢዋለሽ፣ በጣቶችሽ መሀል ታደርቂያለሽ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ትቀቢያለሽ፣ ከጣት ጀምረሽ ወደ ላይ በፋሻ ትጠቀልያለሽ፤ ፋሻው ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይላል፤ ስትቀመጪ ከፍ አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ልቅሶዬ። «ምነው?» አለች። ሳፋውን ነገርኳት።

አልገረማትም። የደጋው ዝሆኔ በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ አፈር የሚመጣ ነው አለችኝ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ብናኞች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ፤ በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ሌላ ነው። ይኼኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ በተደረገ ጥናት እግርን መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ሕመሙ የሚነሣበትን ጊዜ እንደሚቀንሱ ታይቷል። የእቴቴን ቱቦ አፈር፣ የእኔን ቢላዋና ጨረር ዘጋው። የሕመማችን መነሻ ቢለያይም አያያዙ አንድ ነው።

አሁን ክንዴ ከቀኙ የሚበልጠው በ2 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀን ቀን የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን በሰው ሻንጣ የምትልክልኝን ስሊቭ የሚባል ጠበቅ ያለ እጅጌ አጠልቃለሁ፤ ስድስት ወር ያህል ሲለበስ ይላላል፣ ሌላ እለምናለሁ። ምጣድ ፊት ያለ ጓንት አልቆምም። የደም ግፊት ሊለካ የመጣውን ሁሉ «በቀኝ እጄ» እላለሁ፣ ቢቆጣም። ቃል ሲጠፋኝ ለተማሪዎቼ «ጠፋኝ፣ አግዙኝ» እላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ጣቶቼ አሁንም ደንዝዘዋል፣ ይህ የሚመለስ አይመስለኝም። ለክትትል የምትሄጂ እህቴ፣ «እንዴት ነሽ?» ስትባዪ ተመስገን በይ፤ እኔም እላለሁ። ብለሽ ስታበቂ ግን እጅጌሽን ሰብስበሽ አሳዪ።

ባለፈው ፋሲካ ለእቴቴ ደወልኩላት። ሰባ ደፍናለች፤ ጆሮዋ ደህና ነው። ስለ እጄ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ እንደምንም ብዬ «ደብተሬን ያመጣሽልኝ ቀን ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«አንቱ ያልሽኝ ቀን?» አለች ወዲያው።

መናገር አቃተኝ። ከወዲያ በኩል ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«እሱን ተይው፤ ልጅ ነበርሽ» አለች። «ይልቅ ከጣቶችሽ መሀል በደንብ ታደርቂያለሽ? መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ነው።»

«አደርቃለሁ።»

«በምን?»

በነጠላ አልኳት። ያንን ነጠላ ቀዳድጄዋለሁ፤ ስምንት ቁራጭ ወጥቶታል።