ሊቁ ገና ተማሪ ሳለ

«ገዳዮቹ» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የሲኒማ ተቋም ለልምምድ የሠሩት አንድሬይ ታርኮቭስኪ፣ አሌክሳንድር ጎርዶንና ማሪካ ቤይኩ የተባሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ መምህራቸውም ሚኻኢል ሮም ነበር። ታሪኩ ከኧርነስት ሄሚንግዌይ አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ሁለት ነፍሰ ገዳዮች በአንዲት ምግብ ቤት ተቀምጠው የሚገድሉትን ሰው ሲጠባበቁ ያሳያል።

ታርኮቭስኪ በኋላ «አንድሬይ ሩብሊዮቭ»ን በመሰሉ ሥራዎቹ ስሙ ስለ ገነነ፣ ሰብሳቢዎች ይህን የተማሪነት ሥራውን አጥብቀው ይሹታል። ብርቅ ስለሆነ ነውን? ብርቅነት የገበያ ዋጋ ይተምናል፤ የጥበብን ዋጋ ግን አይመዝንም። ተቆልፎበት የሚኖር ፊልም ከተቀበረ ወርቅ በምን ይለያል?

እኔን የሚማርከኝ፣ ሊቁ ገና ሊቅ ሳይባል መታየቱ ነው። ታርኮቭስኪ ራሱ የሚያፏጭ ደንበኛ ሆኖ ብቅ ይላል። ኋላ በደራሲነቱ የታወቀው ቫሲሊ ሹክሺን ደግሞ፣ ሞት እንደሚፈልገው እያወቀ ለመሸሽ እምቢ የሚለውን ሰው ይጫወታል። በምግብ ቤቱ ትዕይንት ያለው ረጅም ጥበቃና ዝምታ የታርኮቭስኪን የኋላ ሥራዎች ከወዲሁ ያስታውሰናል።

እርግጥ ነው፣ ሰብሳቢ ባይኖር ብዙ ሥራ በጠፋ ነበር። ይሁንና በ2003 እ.ኤ.አ. ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ይህን ፊልም ከዚያው ድርሰት ከተሠሩት የ1946ና የ1964 ፊልሞች ጋር በአንድነት በዲቪዲ ማውጣቱ የበለጠ ያስመሰግነዋል። ሦስቱን የሚያነጻጽር ወጣት ከያኒ፣ አንድ ታሪክ በሦስት ዓይን እንዴት እንደሚታይ ይማራልና። የተማሪ ሥራ ለተማሪ ሲደርስ ነው ፍሬ የሚያፈራው።