ወፈረ ብለን የተደሰትንበት ልጅ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በአገራችን ሰው ከሰው ተለያይቶ ሲገናኝ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት እንጂ ነቀፋ አይደለም። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ ውፍረትን ቢያመሰግን አያስደንቅም። እኔም ይህንኑ ምርቃት ለአንድ ልጅ ስመርቅ ከርሜ በኋላ ተጸጽቻለሁና፣ ነገሩን ልንገራችሁ።

የማስተምረው በሮብ ገበያ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣው መንገድ ያደርሳችኋል፤ ብርዱ የታወቀ፣ ድንቹና ገብሱ የሚበረክት አገር ነው። ቤት ያከራዩኝ እናት አንድ የ12 ዓመት ልጅ አላቸው። ልጁ ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ጫጫታ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤ የለመደው ነገር ከቦታው ሲነሣ ያለቅሳል። ሐኪሞች ኦቲዝም ነው ብለዋል። የሚበላው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ወጥ የነካው እንጀራ ከቀረበለት ገፍቶ ይሸሻል። ጎረቤቱ «ቅብጠት ነው» ይል ነበር፤ ተምሬአለሁ የምለውም እኔ እንዲሁ አስብ ነበር።

ነገር ግን ቅብጠት አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጥናት፣ ብዙዎቹ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በመብል የተቸገሩ እንደ ነበሩ አመልክቷል። ለኛ የሚጣፍጠው ወጥ ለእንዲህ ያለው ልጅ ምላስ እንደ ጭቃ ሊሆንበት ይችላል፤ ሽታውና ቀለሙም ያስጨንቀዋል። ከነዚህም መካከል ረሃቡና ጥጋቡ በግልጽ የማይሰማው አለ። ስለዚህ አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይወፍራል።

ባለፈው ዓመት ልጁ ራሱን መምታት ስላበዛ፣ ሐኪም ሪስፔሪዶን የተባለ መድኃኒት አዘዘለት። መድኃኒቱ በእርግጥ አረጋጋው። ሆኖም የመብል ፍላጎትን የሚጨምር ስለሆነ፣ ልጁ ሌሊት እየተነሣ ዳቦ መፈለግ ጀመረ። በ9 ወር ውስጥ ከ34 ኪሎ ተነሥቶ 47 ኪሎ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ «እሰይ፣ ልጁ ሰው ሆነ!» ይል ነበር። ሮብ ጾም ቢሆንም ዳቦና ከረሜላ ጾም አያስፈቱምና፣ በገበያው ቀን ያየው ሁሉ ዝም እንዲል አንድ ነገር ያስጨብጠዋል። እኔ ራሴ ብስኩት በኪሴ ይዤ እዞር ነበር። አንድ ቀን ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት እኩሌታውን ሳይወጣ ተቀመጠና ትንፋሽ አጠረው።

ያን ጊዜ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። እናቱን «ዳቦውን ይቆልፉበት፤ ሲርበው ሁሉን ይበላል» አልኋቸው። ልጁ ምንም ሳይቀምስ ሁለት ቀን ዋለ፣ አደረ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ቁልፉን ፊቴ አስቀምጠው «የኔ ልጅ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ እኔ ግን እናቱ ነኝ። ጠግቦ ቢሞት ይሻለኛል» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ወደ ሐኪሙ ተመለስን። መድኃኒቱን በራሳችን በድንገት እንዳናቋርጥ አስጠንቅቆ፣ መጠኑን ጥቂት ቀነሰ፤ በየወሩ እንዲመዘን፣ የደሙ ስኳርም እንዲመረመር አዘዘ። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ልጃቸው ብለው እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል፤ እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ጓዳ ከመደበቅ ያዳነው የእናቶች ድፍረት መሆኑን አሳይተውናል። ሮብ ገበያ ግን ማዕከል የለምና ባለን ነገር ጀመርን።

ልጁ ልማድ ይወዳል፤ እኛም ልማዱን ረዳት አደረግነው። ኩባያውን ሳንለውጥ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ቀነስን። ከድንቹ ራቅ አድርገን፣ ሳይነካካ፣ አንዲት ቁራጭ ካሮት በየቀኑ አኖርንለት፤ «ብላ» ያለው ሰው የለም። መጀመሪያ ገፋት፤ ቆይቶ አሸተታት፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነከሳት። በየማለዳው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ እስከ ወንዝ አብረን እንሄዳለን። ይህን ከጀመርን 5 ወር ሆነን፤ ዛሬም 47 ኪሎ ነው፤ ቁመቱ ግን ጨምሯል። ለሚያድግ ልጅ ይህ ብዙ ነው።

ነገሩ የሕፃናት ብቻ አይደለም። ከናንተ መካከል ሐሳቡ የማይሰበሰብለት፣ በሥራ ተመስጦ ምሳውን የሚረሳና ማታ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ጸሐፊ ወይም ተማሪ ይኖራል። እሱንም «ሆዳም» ማለት አይፈውሰውም። ይልቁንም የመብሉን ሰዓት ቢወስንና የሚያስታውሰው ወዳጅ ቢያበጅ ይረዳዋል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በገበያ ስታዩ ከረሜላውን ከመዘርጋታችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ። «ወፈርህ» ወይም «ከሳህ» ማለቱንም ተዉት፤ ሰላም በሉት፣ ይበቃዋል። እኔ በኪሴ ብስኩት መያዝ ትቻለሁ፤ እሱም ማለዳ ማለዳ በሬን ማንኳኳቱን አልተወም።